ሽማግሌውን ይዤ የጠፋሁበት ቀን

ጅቡቲን አብጠርጥረው ከሚያውቁ ሰዎች ስም ጥራ ብትሉኝ፣ ከራሴ ጀምሬ ሁለተኛውን ስፈልግ ይመሽብኛል።

የትምህርት ቤት ደጃፉን እንጂ ውስጡን አላየሁም። ወደዚህ አገር የመጣሁት ጢሜ ሳይበቅል፣ በከባድ መኪና ረዳትነት ነው። ቀጥዬ ሾፌር፣ ቀጥዬ ወደብ ላይ ዕቃ ተረካቢ ሆንኩ። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ካርቶን ነው። ሌላው ሰው ቋንቋውን «ቦንዡር» ብሎ ሲጀምር እኔ «ፍራዢል» ብዬ ጀመርኩ፤ ተሰባሪ ነው ማለት ነው። ከዚያ «ይህ ወገን ወደ ላይ»፣ «ከእርጥበት ይጠበቅ»፣ «በላዩ ላይ አይደረብ» እያልኩ ገፋሁበት። እስቲ አስቡት፤ ለአንድ ባለትዳር ከነዚህ ቃላት ውጭ ምን ያስፈልገዋል? አረብኛውን ከሬዲዮ ለቀምኩ። ሶማልኛው ገና ነው፤ ግን ሰው ሲያወራኝ በትክክለኛው ቦታ ላይ አንገቴን ስለምነቀንቅ ማንም አልነቃብኝም። የከተማውን ታሪክ ደግሞ ከራሴ ነው ያገኘሁት።

ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ መመካት ምንም የሌለው ሰው ሥራ ነው። ባለፈው ጥቅምት የደረሰብኝን ነገር ሰፈሩ ሁሉ እየጨመረበት ስለሚያወራው፣ እኔም እየቀነስኩ ላውራው ብዬ ነው።

ሰላማዊት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ዮናስ የሚባል፣ ወደቡ አጠገብ ትራንዚት ቢሮ የሚሠራ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። ልጁን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን መውደድ ሌላ፣ መውደድን ማሳየት ሌላ። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። ሽማግሌ አንደኛ ሲመጣ «እናስብበት» ይባላል፤ ሁለተኛ ሲመጣ «ዘመድ እናማክር»፤ ሦስተኛ ሲመጣ ነው ፊት የሚፈታው። አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኔን ሽማግሌዎች ውሻቸው እስኪላመዳቸው ድረስ ነበር ያመላለሷቸው። የኔ ልጅ ከማን ታንሳለች? እናም «እናስብበት» የምትለዋን ንግግር አሳምሬ አዘጋጀሁ። ጢሜን ስላጭ መስተዋት ፊት እለማመዳታለሁ። መሐሉ ላይ ቆም ብዬ የማስልባት ቦታ ሳይቀር ነበራት።

ችግሩ ሽማግሌው ነው። ዮናስን እንደ አባት ያሳደጉት አጎቱ አቶ ደምሴ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ኩራታቸው ከኔ የማይተናነስ ሰው ናቸው ይባላል። ለዮናስ ታላቅ ወንድም ሽምግልና ሐረር ሄደው «በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ሲባሉ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ልጁም እስከ ዛሬ ሽሮውን ራሱ ይሠራል።

«አባዬ፣ እኚህ ሰው አንድ ደጅ ሁለት ጊዜ አያንኳኩም» አለችኝ ሰላማዊት። እጇን እያፍተለተለች ነው የምታወራው።

«ካላንኳኩ ደወል አለን» አልኳት።

እናቷ አስካለ ከጓዳ ሆና፣ የኔ ኩራት ልጇን ቆሞ ቀር እንደሚያደርጋት፣ ያን ጊዜ ከኩራቴ ጋር ለብቻዬ እንደምኖር አስረዳችኝ። በልቤ «ፍራዢል» ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ በስድስት ሰዓት፣ አምቡሊ እኛ ቤት ነው። አቶ ደምሴ ዋና፣ ከደብራችን ቄሱና የእድራችን ዳኛ አጃቢ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ ጨርቅ ሲለካ የኖረ ሰው፣ የማንን ደጅ እንደሚረግጥ በምን ያውቃል? ሳያውቅ ከጠየቀኝ፣ «እናስብበት» ብዬ መመለሴስ ምን ክብደት ይኖረዋል? ስለዚህ ጠዋት ተነሥቼ፣ ስልኬን ቤት ትቼ (አስጎብኚ ስልክ አይዝም)፣ ዮናስ የተከራየው ቤት፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ ሄድኩ። በሽምግልናው ዕለት የልጅቱ አባት ሽማግሌውን ሄዶ መጎብኘቱ ከወግ ውጭ ነው። አውቃለሁ። ወግን የሚያፈርስ ግን ወግ አዋቂ መሆን አለበት፤ አለዚያ የቱን እንዳፈረሰ አያውቀውም።

አቶ ደምሴ ለቀትሩ ለብሰው ተዘጋጅተዋል፤ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ጥቁር ጫማ። ከተማችንን ሳያዩ እንዳይመለሱ፣ አሮጌውን ሰፈር በእግር ትንሽ ላናፍስዎት አልኳቸው። እንግዲህ ምን ይበሉ? ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ የልጅቱን አባት እንቢ ይላል? «ደስ ይለኛል» አሉ፤ ፊታቸው ግን አላለም። ዮናስ ታክሲ ልጥራ ብሎ ከኋላችን ተከተለ። ታክሲ ከተማውን ለማያውቅ ሰው የተሠራ መሆኑን ነግሬ መለስኩት።

በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ስለ ጉዳዩ አይነሣም። እሳቸው ለምን እንደመጡ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃሉ፤ ሆኖም ሁለታችንም ድንገት ጅቡቲ ላይ እንደተገናኘን አገር ጎብኚዎች ስለ አየሩ እናወራለን። ድሬዳዋ ትሞቃለች አሉ። ድሬዳዋ ጅቡቲን ጥላ ሥር ስታርፍ ነው የምትመስለው አልኩ። በዚህ ተግባብተን፣ እኛ እስከ ዛሬ ሚኒሊክ የምንለው አደባባይ ደረስን። ነጫጭ ቅስቶች ያሏቸው አሮጌ ሕንፃዎች ዙሪያውን ቆመዋል።

ቅስቶቹን አሳይቼ፣ እነዚህ ለጥላ የተሠሩ እንዳይመስልዎ አልኳቸው። የባሕሩ ነፋስ ቀጥ ብሎ ከገባ ሰው ይጥላል፤ ቅስት ሲያይ ግን ጎንበስ ብሎ ይገባል።

አቶ ደምሴ ቅስቱን ሽቅብ አዩና፣ «ነፋሱም ጨዋ ነው ማለት ነው» አሉ።

ልቤ ሞቀ። እንዲህ ያለ አድማጭ አግኝቼ አላውቅም። አስካለ እዚህ ላይ ብትሆን ኖሮ ሳል ይጀምራት ነበር።

ቀጥሎ ባለ ፍርግርግ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ጋ ስንደርስ ማን ሠራው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። «አላውቅም» ማለት ግን በዚያ ቀን የማይሞከር ነበር። «ቱርክ» አልኩ። ለምን ቱርክ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ቱርክ ሩቅ ነው፣ ጥንታዊ ነው፣ መጥቶም አያስተባብልም። አንዴ ካልኩት በኋላ ምቾቱ ገባኝና፣ መስኮቱንም፣ ደረጃውንም፣ የደረቀውን ጉድጓድም ለቱርክ እየሰጠሁ ሄድኩ። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የውኃ ታንከር ሲጠይቁኝ ብቻ ትንሽ ተጠራጠርኩና፣ «አሠራሩ የቱርክ ነው» ብዬ አለፍኩ።

ከገበያው ጀርባ፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ እንደ ጋሻ በምስማር አናት የተሸለመ ትልቅ በር አለ። ይህን የቱርክ መኮንን ቤት ብዬ፣ መኮንኑ እንዴት በፈረስ ይገባ እንደነበር በእጄ እያሳየሁ ሳለ፣ በሩ ተከፈተና ሽርጥ ያገለደመ ወፍራም ሰውዬ መፋቂያውን እያኘከ ብቅ አለ። አማርኛ ይችላል፤ እዚህ አገር የማይችል የለም፣ በተለይ መቻል በሌለበት ሰዓት።

«አባባ፣ በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ብረቱ የኮንቴይነር ነው።»

አቶ ደምሴን ክንዳቸውን ይዤ ፈቀቅ አደረግኋቸውና፣ ሰውየው የቱርክ ዝርያ መሆኑን፣ እነሱ ግን ይህን ማውራት እንደማይወዱ በጆሯቸው ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ።

እዚህ ላይ ተመልሰን ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ አይወለድም ነበር። ሰዓቱ ገና ነው፤ የኔ እውቀት ደግሞ ገና ግማሹ አልወጣም። ሰፈሮቹን ላሳይዎት አልኩ። ጅቡቲ ሰፈር የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ካርቲዬ አንድ፣ ካርቲዬ ሁለት እየተባለ። ስለዚህ አንድ ሁለት ሦስት ማለት የቻለ ሰው አይጠፋም ብዬ አብራራሁላቸው። አሁንም በዚህ አቋሜ ጸንቻለሁ። የጎደለው ነገር ቁጥሩ ግድግዳው ላይ አለመጻፉ ብቻ ነው።

ገባን። የቆርቆሮና የሳንቃ ቤቶች፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ካርቶን የምትበላ ፍየል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ተረጎምኩላቸው፤ «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። ፍየሏም አመነች። አንዱ መንገድ ወደ ሌላው እየመራ፣ ሌላው ወደ ሌላ እየመራ ሄደ። መውጫው ጠፋኝ ማለት አልችልም፤ መውጫው ቦታውን ለቆ ነበር ብል ይሻላል። አንድ የማይሳሳት የሾፌር ዘዴ አለኝ፤ ባሕሩን በቀኝህ ያዝ ይላል። ያን ቀን ግን ዘዴዬ አንድ እንከን እንዳለው ደረስኩበት። ጅቡቲ በየትም በኩል ብትዞር ባሕር ናት።

አንድ ጥግ ታጠፍን። ሰማያዊው በር።

አቶ ደምሴ ቆሙ። «ይህም ቱርክ?»

«ይህም» አልኩ ምራቄን ውጬ። «ወንድሙ ነው የነበረበት።»

ብዙ ዞረን፣ ብዙ ታጥፈን፣ በሌላ በኩል ስንወጣ፣ አሁንም ሰማያዊው በር። ባለቤቱ በርጩማ አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ሲያየን እጁን አነሣና፣ «አሁንም እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ወደ እኔ ዘወር ብለውም፣ «ቱርኮች አንድ ዓይነት በር ይወዳሉ ማለት ነው» አሉ። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ አንድ ጡንቻ አልተነቃነቀም።

ጥላችን እግራችን ሥር ገብቷል። ያኔ ነው እሳቸው በጫማቸው ጠርዝ ላይ እየተራመዱ መሆኑን ያየሁት፤ አዲሱ ጫማ ነክሷቸዋል።

«ደከመዎት እንዴ አቶ ደምሴ?»

«ኧረ እኔ ምን ደክሞኝ። ምናልባት እርስዎ ከደከመዎት...»

«እኔማ ገና መሟሟቄ ነው።»

ከሁለታችን አንዱ «አዎ» ቢል ሁለታችንም በዳንን። ይሉኝታ አንድ ሰው ብቻ ሲይዝ ቀላል ነው፣ ሌላው ያድነዋል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከያዘ ግን መድኃኒት የለውም፤ እግር እስኪያልቅ ያስኬዳል።

ደግሞ ከተማው መዘጋት ጀመረ። እዚህ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ የጫት መኪና እየጠበቀ ጥላ ሥር ይጠፋል። ባለ ታክሲውም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ጎዳና ላይ የሚሄድ ፍጡር ቢኖር ወይ ውሻ ነው፣ ወይ ይሉኝታ የያዘው ሐበሻ። የአቶ ደምሴ ስልክ እንኳ የድሬዳዋ መስመር ስለነበረው ከእጅ ሰዓት በቀር ሌላ አገልግሎት አልነበረውም። እሱም ስድስት ሰዓት ማለፉን ነገረን።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ አባት ከቤት ካልተገኘ፣ በኛ አገር ያ ራሱ መልስ ነው። «የለም» ከተባለ «አልሰጥም» ብሏል ማለት ነው። እኔ «እናስብበት» ልል ነበር እንጂ ልጄን ልከለክል አልነበረም። ሰላማዊት እጇን ስታፍተለትል ታየችኝ። አሁን በር በሩን እያየች ይሆናል። አስካለ ደግሞ በር በሩን እያየች ምን እያለች እንደሆነ ማሰብ አልፈለግሁም። ልሮጥ ፈለግሁ፤ ግን ሰው የሚሮጠው ወደ አንድ ቦታ ነው።

በመጨረሻ፣ እንዴት እንደሆነ እኔ እንጃ፣ አንድ ቅስት ሥር ጥላ ውስጥ ገባን። ሐዋ የምትባል አሮጊት ሻይ ሻጭ ቴርሞሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ባዶ። በዕድሜዬ ብዙ ውብ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ወንበር ያለ ግን አላየሁም።

«አዴር፣ ተቀመጡ» አለችን፤ አጎቶቼ እንደማለት ነው።

«ይቀመጡ አቶ ደምሴ» አልኩ። እንግዳ ሳይቀመጥ እኔ መቀመጥ አልችልም፤ ስለዚህ ከልቤ ነበር ያልኩት።

አቶ ደምሴ ግመል የውኃ ጉድጓድ እንደምታይ ወንበሩን አዩት። ጎንበስ አሉ። ግማሽ መንገድ ወረዱ። ከዚያ ቆም አሉ፤ ቀስ ብለው ተመልሰው ቀና አሉ፤ ከረባታቸውንም አስተካከሉ።

«አልቀመጥም» አሉ።

«እንዴት?»

«ጌታዬ፣ ዛሬ ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ሳይሰጡት ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። በዚህ ሰዓት ደጅዎ ላይ መቆም ነበረብኝ። ደጅዎ የት እንዳለ እርስዎም እኔም ስላላወቅነው፣ እዚሁ ቆሜያለሁ።»

መጥፋታችንን ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብላቸው፣ በሩን ሁለተኛ ካየንበት ጀምሮ አሉ። ለድሬዳዋ ሰው ሶማልኛ አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው። የገበያው ሴቶች ባለፍን ቁጥር «እነዚያ ሽማግሌዎች በሩን ሊገዙት ነው መሰለኝ» ሲባባሉ ሰምተዋል።

«ታዲያ መንገዱን ለምን አልጠየቁልኝም?»

«አስጎብኚዬን በሰው ፊት ላስንቅ?» አሉ፤ በጣም አዝነው።

ቆምን። ሐዋ ወንበሩ ቆሽሾ የተጠየፍነው መስሏት ተነሥታ በጨርቅ ወለወለችው። አልተቀመጥንም። ሻሽ አነጠፈችበት። አሁንም አልተቀመጥንም። እዚህ ላይ ከፋትና፣ ወንበሩ ላይ ከኛ የሚበልጡ ሰዎች ተቀምጠውበት እንደሚያውቁ ነገረችን።

ንግግሬን አስታወስኩ። ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም ብዬ፣ «ልጅ ማለት አቶ ደምሴ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ለማሳል ወደተዘጋጀው ቦታ ስደርስ ጉልበቴ ቀድሞኝ ቋ አለ።

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በወንድሙ ጊዜ ተመለስ አሉኝ፤ ኮራሁና ቀረሁ። የቀረብኝ መንገዱ ነው፤ ልጁ ግን ሚስት ነው የቀረበት። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ እሱ ነው የከፋው። ሁለተኛ ልጅ በኩራቴ አላስቀርም። ይምሽ፣ ይንጋ፣ አልቀመጥም።»

አየኋቸው። ላቡ በአገጫቸው ይወርዳል፤ እግራቸው ጫማው ውስጥ አብጧል፤ ሰውየው ግን እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ለልጄ የሚቆም እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት አመጣለሁ? የኔን ንግግርስ ለማን ነው ያዘጋጀሁት?

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

የሰጠሁት ለጉልበቴ ብዬ እንዳልሆነ እንድታምኑልኝ እፈልጋለሁ። የጉልበቴ ድርሻ ከግማሽ አይበልጥም።

አብረን ቁጭ አልን። አቶ ደምሴ ጫማቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐዋ ምን እንደሆንን ጠየቀች፤ በሶማልኛ ነገሯት፤ ቅድም ከፍቷት የሰሰተችብንን ስኳር ሁሉ ሻያችን ውስጥ ገለበጠችና እልል አለች። ከየጥላው ሰው ብቅ ብቅ አለ። ባለ በሩ ሳይቀር መጥቶ «መብሩክ»፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ብሎ ጨበጠኝ። ሰላማዊት መታጨቷን ካርቲዬ ሁለት ከራሷ ቀድሞ ሰማ።

ከዚያ አቶ ደምሴ ልክ እንደ ነጋዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አዋዋሉኝ። በመንገድ የተባለው በመንገድ ይቅር፤ ቤት ስንደርስ እኛ በወጉ እንጠይቃለን፤ እርስዎም በወጉ ይሰጣሉ አሉ። ተስማማሁ። የጫት መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ ከተማው ነፍስ ዘራ፤ ጉንጩን የወጠረ ባለ ታክሲ አገኘንና አምቡሊ ገባን።

ቄሱና የእድሩ ዳኛ ደጃችን ላይ ቆመዋል። አስካለ ግቡ ብላ ለምናቸው፣ ዋናችን ሳይመጣ አንገባም ብለዋል። የእድሩ ዳኛ ሲያየን፣ «ልጅ ሲጠለፍ እንጂ ሽማግሌ ሲጠለፍ አይተን አናውቅም» አለ። አስካለ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ያ ከሁሉ የከፋው ነው። ሰላማዊት ከመጋረጃው ኋላ ነበረች፤ የዐይኗ ቅላት በመጋረጃው አልፎ ይታያል።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቴ ተደርድረው ቆሙ፤ አቶ ደምሴ በሚያምር አነጋገር ልጄን ለልጃቸው ጠየቁ። እንግዲህ ሰው ሆኖ የማይፈተን የለም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ወንበሩ የራሴ ነው፤ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ያቺ ንግግርም ሳትነገር ልትቀር ነው። አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ልጅ ማለት የአባቷ ብቻ አይደለችም» አልኩ። «አዲስ አበባ ወንድሞች አሉኝ፤ ነገሩንም...» ብዬ በቦታው ላይ አሳልኩ።

አቶ ደምሴ አዩኝ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር አዩ። ከዚያ ሙሉ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ተቀመጡ።

ቄሱ ደንግጠው፣ «አቶ ደምሴ፣ ሳይሰጡን?» አሉ በሹክሹክታ።

«ተቀምጫለሁ» አሉ አቶ ደምሴ፣ ዓይናቸውን ከኔ ላይ ሳያነሡ።

ሽማግሌ ሳይሰጡት አይቀመጥምና፣ ነገሩ ቀድሞ የገባት አስካለ ናት። ከጓዳ እስክትወጣ እንኳ አልጠበቀችም፤ እልልታው ከድስቶቹ መሐል ተነሣ። ሰላማዊት መጋረጃውን ይዛ ወጣች፤ ይዛ ማለቴ ከነዘንጉ ነው። የእድሩ ዳኛም እጁን ለምግብ ለመታጠብ ተነሣ። እኔ ንግግሬን ጨረስኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሰማኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ብዙ ይወራል። ጠፋ ይሉኛል፣ ተሸነፈ ይሉኛል። እኔ አልከራከርም። በአንድ ቀን አንዲትን ልጅ ሁለት ጊዜ የሰጠ አባት ከኔ ሌላ ካለ ይምጣ። አሮጌውን ሰፈር ራሴ አስጎበኘዋለሁ፤ በእግር።